ፊልም ልሥራ ላልሽኝ

ልጄ፣

እናትሽ «እስቲ አንተ ምከራት» ብላ ወደ እኔ ስትልክሽ፣ ፊልሙን አስትቼሽ ነርስነቱን እንዳስመርጥሽ ፈልጋ እንደሆነ አልጠፋኝም። አላስተውሽም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ልጅ የወደደውን ሲነጥቁት ምን ዓይነት ተማሪ እንደሚተርፍ ያውቃል። ግን ጎጃም ሉማሜ ተቀምጦ «ፊልም ሠሪ እሆናለሁ» ማለት በምኞት ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለምና፣ በቃል የነገርኩሽን መልሰሽ እንድታዪው በተራ ቁጥር ጽፌልሻለሁ። ያልጣመሽን ዝለዪው።

1. ከሁሉ በፊት የቆዩትን ፊልሞች እዪ። ሲኒማ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ሕዝቡም ግድግዳ ላይ ጥላ የሚራወጥበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ የራሳችንን ረዥም ፊልም እስክንሠራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወሰደብን። ጥቁርና ነጩ «ሂሩት አባቷ ማነው» የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። «ጉማ» በ1966 አካባቢ ተከተለ፤ ዛሬ ለፊልም ባለሙያዎች የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ደግሞ ጎንደር ተወልደው አሜሪካ የተማሩት ኃይሌ ገሪማ ወደ አገር መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቂት ሳምንታት ቀረጹ። አንቺ የምትጀምሪው ከዚህኛው ነው። ገበሬው በሬ ጠምዶ ሲውል፣ ጭሰኛው በባለርስቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲቆም፣ ፊልሙ አይቸኩልም። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ «ምነው ረዘመ» ይላል። ጤፍ ስታርሚ ወገብሽ የታመመ አንቺ ግን ለምን እንደረዘመ ማንም እንዲነግርሽ አያስፈልግም። ከዚያ የእሳቸውኑ «ጤዛ» አስከትዪ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ቬኒስ ላይ የተሸለመውን፣ በዓመቱ ደግሞ ኡጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ያገኘውን። የኃይሌ አባት ገሪማ ታፈረ ደራሲና አርበኛ ነበሩ። ልጁ ካሜራ ከመያዙ በፊት ተረት የሚወራበት ቤት ውስጥ እንዳደገ ልብ በዪ።

እያንዳንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ እዪ፤ አንዴ እንደ ሰው፣ አንዴ ድምፁን ዘግተሽ። ድምፅ ሳይኖር ታሪኩ ከገባሽ ሰውዬው ፊልም ሠርቷል፤ ካልገባሽ የሬዲዮ ድራማ በካሜራ ቀርጿል። በዚህ ሚዛን ብዙዎቹ የእኛ ፊልሞች ይወድቃሉ። ሶፋ፣ መኪና፣ ካፌ፤ ካፌ፣ መኪና፣ ሶፋ። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ የዘመዱን ቪላ ለሁለት ሳምንት ይዋሳል፣ ታሪኩም ቪላው ውስጥ እንዲያልቅ ይጻፋል። በ1990ዎቹ ቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ ፊልሙ የበዛው በዚሁ መንገድ ነው። በብዛቱ ግን አልቀልድም፤ በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ ሰው ለአማርኛ ፊልም ሲል ሲኒማ ቤት ደጅ ይሰለፍ ነበር። ናይጄሪያዎችም በፈረንጅ 1992 «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ»ን በቪዲዮ ካሴት ሸጠው ነው አሁን ዓለም የሚያውቀውን የፊልም ገበያቸውን ያቆሙት። ርካሽ ካሜራ ነውር አይደለም።

2. ፊልም ምን እንዳደረገን ከገዛ ሰፈርሽ ተመልከቺ። ስለዚህ ጉዳይ ስብሰባ ላይ የሚናገሩ ሰዎች የልጆችን ፀጉርና ሱሪ ቆጥረው ይቀመጣሉ። እኛ ዘንድ የደረሰው ከዚያ የጠለቀ ነው። ባለፈው ጥር የጎረቤታችንን ሰርግ አስታውሺ። ካሜራማኑ ሙሽሮቹን ከሚዜዎቹ ነጥሎ ገለባው ክምር አጠገብ አቆማቸውና ሙሽራውን «በአንድ ጉልበትህ ተንበርከክ» አለው። ልጁ መጀመሪያ ዘወር ብሎ አባቱ ማየት አለማየታቸውን አጣራ። በእኛ አገር ወንድ የሚንበረከከው ለታቦት ነው፤ ወይም ደም ኖሮበት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲለምን። ተንበረከከ። «አሁን ዓይኗን እያየህ ቀለበቱን አውጣ።» ቀለበቱ ጧት ቤተ ክርስቲያን ገብቶላታል! ከጣቷ አውልቃ በድብቅ አቀበለችው፣ እሱም እንደ አዲስ ለምኖ መልሶ አጠለቀላት። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ስላልመጣች ደገሙት። ከዚያም ደገሙት። በመጨረሻው ሙሽሪት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሜካፑ ተበላሸ።

ይህን ማን አስተማረን? ሙሽሮቹ የሲኒማ ቤት ደጅ ረግጠው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ፊልሙ በቴሌቪዥን፣ በሲዲ፣ ስልክ ቤት ሚሞሪ ላይ እየተጫነ ገብቶ ፍቅር እንዲህ ነው የሚጠየቀው አላቸው። እኔን ያስቆጨኝ መንበርከኩ አይደለም፤ ደስ ካላቸው ይንበርከኩ። ያስቆጨኝ ያ ልጅ ሚስቱን ያገኘበት እውነተኛው ነገር ቪዲዮው ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይደመጥ አንቀመጥም» ያሉት የለም። የልጅቱ አባት መልስ ሳይሰጡ በሬ ሊፈልግ እንደሚወጣ ሰው ወደ ጓሮ ሄደው የቆዩባት ጊዜም የለችም። እናት ጓዳ ሆና ጆሮዋን ደቅና ስትሰማ፣ ልጅቱ ደግሞ የእናቷን ፊት ስታነብ ማንም አልቀረጸም። ፊልም ማለት ይኸ ነበር።

ቢሆንም ያንን ካሜራማን አትናቂው። በአካባቢያችን ያለው የፊልም ትምህርት ቤት እሱ ብቻ ነው። የሚቀርጸው ነገር አይደገምም፤ ሙሽሪት ከቤት የምትወጣው አንዴ ነው። ሕዝብ እየገፋው፣ ከበሮ እየደለቀበት፣ ባትሪው እያለቀበት ይሠራል። ሄደሽ መብራቱን ተሸከሚለት። ሰርግ በሚበዛበት ጊዜ ቅረጺ፣ ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ይቆማልና ያን ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠሽ ኤዲቲንግ ተማሪ። ክፍያ ባይሰጥሽ ቅሬታ አታብዢ፤ የምትበዪውን እናትሽ አልከለከለችሽም።

3. ባላገሩን አታስቂበት። በስንቱ ኮሜዲ ውስጥ አንድ ጎጃሜ አለ፤ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ፣ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሊፍት ውስጥ ሲገባ የሚጮህ። ተዋናዩ አብዛኛውን ጊዜ ጎጃም የረገጠው ባሕር ዳር ለሽርሽር ሲሄድ ነው። ቁምጣውም ዱላውም ከእኛ ናቸው፣ አልክድም። የጠፋው ሰውዬው ነው። የእኛ ሰው ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ነገሩን በጎን ያስቀምጠዋል፤ የተሰደበው ሰው ስድቡ የሚገባው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። በፊልሙ ግን ይጮሃል፣ ይደነብራል፣ ሁሉን ነገር አፉን ከፍቶ ያያል። ሌላው መልክ ደግሞ ቅዱስ ገበሬ ነው፤ ሲያርስ ማሲንቆ ይከተለዋል፣ ክፉ ቃል አይወጣውም። ይኸኛውም ውሸት ነው። ወሰን የሚገፋ፣ ለወንድሙ መሬት በሐሰት የሚመሰክር፣ በዚያው እጁ የሞተ ጎረቤቱን ማሳ የሚያርስ ሰው ስታውቂ ለምን መልአክ ታደርጊዋለሽ?

«እረኛዬ» በቴሌቪዥን ሲታይ የሰፈራችን ሴቶች ቡና አፍልተው የጠበቁት ለምን ይመስልሻል? ገጠሩ የከተማ ሰው መሳቂያ ሳይሆን ታሪኩ የሚደርስበት ቦታ ስለሆነ ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ቅድስት ይልማና አዜብ ወርቁ አሉበት፤ ቅድስት ቀድሞም «ረቡኒ»ን የሠራች ናት። ለእናትሽ ይህን ንገሪያት፤ ሴት ልጅ በዚህ ሙያ ተዋናይ ብቻ የምትሆን ይመስላታል።

4. ቃሉን ከዚሁ ልቀሚ። ዘመናዊውን ቴአትር ካቆሙት አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ ከቅኔ ቤት ወጥተው ነው «አፋጀሽኝ»ን የጻፉት። ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወለዱ፤ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ ይደርሳል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርኩት ያልተማረው ገበሬ ሁሉ የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ በዛብህን እንደ ዘመዱ ያውቀው ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። «ቁራኛዬ»ንም እዪ። ሞገስ ታፈሰ የሠራው ነው፤ የቅኔ ተማሪው ከባለርስቱ ጋር በአንድ ኩታ ተቆራኝቶ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ ችሎት ይጓዛል። ከሳሽና ተከሳሽን በልብስ አስሮ አገር ለአገር የሚያስኬድ ሕግ የነበረው ሕዝብ ድራማ ከቱርክ መዋስ አለበት?

ስለዚህ ሽምግልና ሲቀመጥ ወተት ይዘሽ ግቢና ቆዪ። ለቅሶ ቤት የአልቃሿን ግጥም ስሚ። እናትሽ ስትቆጣ የምትለውን ማታ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ፤ ቃሉን እንዳለ፣ ሳታሳምሪ። ገጸ ባሕርያትሽ ሁሉ እንደ ቴሌቪዥን አስተዋዋቂ አማርኛ ከተናገሩ እኔ አላይልሽም።

5. የውጭውን አትናቂ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ሲጀምር አርቲስቶቻችን ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸው ይገባኛል፣ ተመልካቹ ማታ ማታ ወደ ቱርኩ «ጥቁር ፍቅር» ሄደባቸው። ግን ተመልካች በአዋጅ አይመለስም። የቱርኩ ድራማ ገበታ ላይ ሦስት ትውልድ አስቀምጦ፣ አማት ምራቷን በሾርባ ማንኪያ ስትቀጣ ያሳያል፤ ይኸ ለእኛ ሴቶች ባዕድ አልሆነባቸውም። የህንዱን ፊልምማ የእኔ ዘመን ሰው ቪዲዮ ቤት በጄኔሬተር አልቅሶበታል፣ አንድም ቃል ሳይገባው።

አንድ ፊልም ግን ፈልገሽ እንድታዪ አዝሻለሁ። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ በፈረንጅ 1987 የሠራው «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ይባላል። አንድ ተማሪ የጓደኛውን ደብተር በስህተት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጓደኛው ነገ ደብተር ሳይዝ ከመጣ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ልጁ ደብተሩን ሊመልስ ከመንደር መንደር ይሮጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽጉጥ የለ፣ ቪላ የለ፣ ሙዚቃ እንኳ ከስንት አንዴ። ትልልቅ ሰዎች ልጁን አይሰሙትም፤ አያትየው ልጅ በየጊዜው መመታት አለበት ብሎ ይሰብካል። የእኛን ገብስማ መንደር አስቢ፣ ጭቃውን፣ ውሻውን፣ «የማን ልጅ ነህ?» እያለ መንገድ ላይ የሚያቆመውን ሽማግሌ። በስንት ብር ይሠራል? ያሬድ ዘለቀም አንድ ሕፃንና አንዲት በግ ይዞ ነው በ2007 ዓ.ም. «ላምብ»ን ካን ያደረሰው፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው።

6. እጅሽን አስተምሪው። ተዋናይ መሆን የሚፈልግ ሞልቷል፤ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ግን ተፈልጎ አይገኝም። የእኛ አምባ ነፋስ ደግሞ ጠላትሽ ነው፤ ስልክሽ ላይ የቀዳሽው ንግግር ሁሉ ፉፉፉ ሆኖ ይቀራል። የሱፍ ጨርቅ ማይኩ ላይ ጠቅልዪ፣ ተናጋሪውን ከግድግዳ ጥግ አስጠጊው፣ ከመጀመርሽ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅጂ፤ ኤዲት ስታደርጊ ታመሰግኚኛለሽ። ስድስት ሰዓት ላይ አትቅረጺ፤ ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከጧቱ አንድ እስከ ሦስት፣ ከቀኑ ከአሥር በኋላ ይሻላል። ቤት ውስጥ ከሆነ በሩን ክፈቺና ሰውዬውን ወደ ብርሃኑ አዙሪው። ጭስ ያለበት ጎጆ ውስጥ በር ተከፍቶ የሚገባው ጮራ በብዙ ሺህ ብር ከሚከራይ መብራት ይበልጣል።

7. የሰው ሕይወት ስትወስጂ ሰውዬውን ጠይቂ። «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አግኝቶ፣ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዳው አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ፊልሙ በእውነተኛ የጠለፋ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጠለፋው የደረሰባት ሴት በሕይወት አለች። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ድራማም ገና ሳይታይ የባለመብትነት ክርክር ፍርድ ቤት አድርሶታል። ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው ብለሽ አትለፊ። የአክስትሽን ፍቺ ልትጽፊ እንደምታስቢ አውቃለሁ፤ ቀድመሽ ንገሪያትና ፈርማ ትስጥሽ። እንቢ ካለች ሌላ ጻፊ።

8. አዲስ አበባ ስትሄጂ። «ለፊልም ተመርጠሻል፣ ለምዝገባ ይህን ያህል ብር አስገቢ» የሚልሽ ሰው ሌባ ነው። ካስቲንግ የሚደረገው ቀን፣ ሰው ባለበት ቢሮ ነው፤ ማታ፣ ሆቴል፣ ለብቻ የሚጠራሽ ስሙ ምንም ያህል ቢገን አትሂጂ፤ ቅር ቢለው ይለው። አንዲት ተማሪዬ በሬ ተሸጦላት የሄደችበትን ገንዘብ እንዲህ ባለ ሰው ተበልታ ተመልሳለች፤ ፊልሙም ስክሪፕቱም አልነበረም። ወረቀት ላይ ያልተፈረመ ውል ውል አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ የወደድሽውን ተማሪ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ሁለተኛ ዲግሪም አለ፣ ሲደርስ ታስቢበታለሽ።

9. ስለ ገንዘቡ ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም። ሲኒማ ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ወጣ ሲባል ጥቂት ነው፤ ኮሮና ሲመጣ እነሱም ዘግተው ከረሙ። የተሠራው ፊልም ገና ከመውጣቱ በሚሞሪ ይባዛል። አሁን ብዙው ወደ ዩቲዩብ ሄዷል፣ አሜሪካና ዓረብ አገር ያለው ወገናችን ያየዋል። ይህም ቢሆን ኢንተርኔት ሲኖር ነው፤ በ2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ ተቋርጦ ለወራት የሆንነውን አይተሻል። ስለዚህ ሁለተኛ እጅ ይኑርሽ። ሰርግ መቅረጽ አያዋርድሽም፣ ልደት መቅረጽም፣ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ማዳበሪያ አምስት ደቂቃ መሥራትም። ነርስነቱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትግፊው፤ ነርስ ሰው ሲወለድም ሲሞትም አጠገቡ ናት፣ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ይህን ያልኩት ለእናትሽ ብዬ አይደለም። ትንሽ ለእናትሽም ነው።

10. የመጀመሪያ ስክሪፕትሽ ከአምስት ገጽ አይብለጥ። ሶፋ አይኑርበት፣ መኪና አይኑርበት፣ ማንም «እወድሻለሁ» አይበል። ስልክ ይደውል ቢባል እንኳ ኔትወርክ አይኑር። ቦታው ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ካለው መንገድ አይውጣ። ለመስቀል አድርሺልኝ። በስልክ አትላኪው፣ ዓይኔ አይችልም፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አሳትመሽ አምጪው፣ ፊደሉንም 14 አድርጊው። ቀዩን እስክሪብቶዬን እኔ አዘጋጃለሁ።

አጎትሽ፣ ከሉማሜ